ቤታችሁ ስንት ያወጣ ነበር?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ነገሬን ከታሪክ እጀምራለሁ። የምጨርሰው ግን እያንዳንዳችን ትተነው በመጣነው ግቢ ውስጥ ነው።

ባለፈው ወር ታላቅ እህቴ ከሪያድ ደወለችልኝ። አልቅሳ እንደነበር ድምጿ ያስታውቃል። አገር ቤት ካለው የአባታችን ግቢ በመንገዱ በኩል ያለው ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈልጓል። የሚለኩ ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ መዘገቡ፣ ሄዱ። ታናሽ ወንድማችን ብቻውን ነበርና የተሰጠውን ወረቀት ፈረመ። ወረቀቱ ላይ አሮጌው ሱቅ አለ፤ አጥሩ አለ፤ ጌሾው እንኳ ተቆጥሯል። እሷ በላከችው ገንዘብ የተሠሩት ሦስት የብሎኬት ክፍሎች ግን «ጊዜያዊ ግንባታ» ተብለው ያለ ካሳ ታልፈዋል።

«ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት የጠረግኩበት ገንዘብ ነው። እንዴት ዜሮ ይባላል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷና ወንድማችን አይነጋገሩም። እሷ «ሳታነብ ፈረምክ» ትላለች፤ እሱ ደግሞ «እናንተ ውጭ ተቀምጣችሁ እኔን ትወቅሳላችሁ» ይላል። አባታችን ቢያይ የሚያለቅሰው ለካሳው ሳይሆን ለዚህ ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የአንድን ቤት ዋጋ የሚወስነው ማነው? ቤት መገመት የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ለምንስ ያስፈልጋል? ብዙዎቻችን ግመታ ማለት ቤት ሲሸጥ ወይም ባንክ ብድር ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ ነገር ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ግመታ ሦስት ጥያቄዎች አሉት፤ ማን ገመተ? ለምን ገመተ? በየትኛው ቀን ገመተ? እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝና ወደ ኋላ እንመለስ።

ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ

አያቶቻችን ግመታን የሚያውቁት በግብር በኩል ነው። በአጤ ምኒልክ ዘመን፣ በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ መሬት በቀላድ ተለካ። ቀላድ ገመድ ነው። መሬቱ በጋሻ ከተከፈለ በኋላ (አንድ ጋሻ በአማካይ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል) ጥራቱ በሦስት ይመደብ ነበር፤ ለም፣ ለም-ጠፍ እና ጠፍ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም ይህንኑ ምደባ ተከትሎ ለለም 15፣ ለለም-ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር በጋሻ ወሰነ።

እንግዲህ አስቡት። ለኪው መጥቶ ማሳው ዳር ሲቆም ባለመሬቱ ምን እንዲባልለት ይፈልጋል? «ጠፍ ነው ጌታዬ፣ ድንጋይ ነው፣ ምንም አያበቅል» ይላል። ያው መሬት የሚሸጥ ቀን ደግሞ «ለም ነው፣ ዘር ብትጥልበት ሁለት እጥፍ ይሰጥሃል» ይባላል። መሬቱ አልተለወጠም። የተለወጠው የተገመተበት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ለግብር ዝቅ ያስደረጋችሁት ግምት ለካሳ ቀን ይጠብቃችኋል። ዛሬም የጣሪያና ግድግዳ ግብር እንዲቀንስ ብለን ክፍሎችን ሳናስመዘግብ የምንተው ስንት ነን? እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። አባታችን ሦስቱን ክፍሎች ያላስመዘገበው ግብሩ እንዳይጨምር ብሎ ነበር። በጥቂት መቶ ብር ያተረፈ መስሎት የልጁን ላብ ከመዝገብ ውጭ አስቀረው። ነፍሱን ይማርና፣ እሱም ነገ ምን እንደሚመጣ አላወቀም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.

ይህን ቀን ታላላቆቻችን አይረሱትም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣበት ቀን ነው። አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ለቦታው ካሳ የለም ተባለ። ለትርፍ ቤቱ ካሳ እንደሚከፈል አዋጁ ቢጠቅስም ብዙ ባለቤቶች ሳያዩት አረጁ፣ ሳያዩት ሞቱ።

ልብ የማይባል አንድ ነገር ግን አለ። የተወረሰው ቤት ወዴት እንደሚሄድ የወሰነው የኪራዩ ዋጋ ነበር። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ከ100 ብር በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። «የቀበሌ ቤት» እና «የኪራይ ቤቶች ቤት» እያልን ያደግንበት ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ቁጥር የቤቱን ባለቤት፣ የተከራዩን ዓይነት፣ የጥገናውን ዕድል ሁሉ ለሃምሳ ዓመት ወሰነ።

ሁለተኛው ነገር ቀኑ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። 20 ሺህ ብር የተገመተ ቤት ማለት ወደ 9,660 ዶላር የሚያወጣ ቤት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው። ያንኑ 20 ሺህ ብር ዛሬ ብትቀበሉት 200 ዶላር አይሞላም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ ቤቱ ግን ተኗል። ስለዚህ ቀን የሌለው ግምት ግምት አይደለም። «ቤታችን ሁለት ሚሊዮን ያወጣል» ለሚላችሁ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «መቼ?» ይሁን።

በ1987 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 110 ወጣ። ይህ አዋጅ በደርግ ዘመን ከአዋጆቹ ውጭ፣ ማለትም ሕጉ ሳይፈቅድ፣ የተወሰዱ ንብረቶች እንዲጣሩ በር ከፈተ። በዚያ በር ለመግባት ምን ያስፈልግ ነበር? ወረቀት። ደብተሩን፣ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን ለሃያ ዓመት በሳጥን ውስጥ ያቆየ ሰው የሚናገርበት አፍ አገኘ። «ሁሉም ያውቃል የእኛ እንደነበር» ያለ ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎች አልፈው ነበር።

ካምፓላ፣ 90 ቀን

አሁን ወደምኖርበት ከተማ ልምጣ። ካምፓላ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። መሃል ከተማ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ የድሮዎቹን ሕንፃዎች ግንባር ተመልከቱ፤ የሕንድ ስምና የተሠሩበት ዓመት በሲሚንቶ ተቀርጾ ታያላችሁ። ተማሪዎቼ አንድ ቀን «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝ። የእነሱን አገር ታሪክ እኔ ስደተኛው አስተማርኳቸው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 1972 ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አወጀ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ። ይዘው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ጥሬ ገንዘብ ከ50 የእንግሊዝ ፓውንድ ብዙም አይበልጥም። ከመውጣታቸው በፊት ግን ንብረታቸውን በቅጽ እንዲያስመዘግቡ ተደረገ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ፣ ወታደር በር ላይ ቆሞ፣ ቅጽ መሙላት ምን ይጠቅማል ያለ ሰው አይጠፋም።

ንብረቱ ለወታደሮችና ለባለሥልጣን ወዳጆች ተከፋፈለ። የቀረውን እንዲያስተዳድር «የሄዱ እስያውያን ንብረት ጠባቂ» የሚባል ቦርድ ተቋቋመ። አሚን ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተወረሱ ንብረቶች ሕግ ወጣ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችና ሕንፃዎች ለቀድሞ ባለቤቶቻቸው ወይም ለወራሾቻቸው ተመለሱ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በየባዕድ አገሩ ያረጁ ሰዎች የባለቤትነት ወረቀታቸውን ይዘው አመለከቱ።

ሁሉም አላገኘም። ለየትኛው ንብረት ካሳ ተከፍሏል፣ የትኛው ገና ነው፣ ማን በሐሰት ወረቀት የሰው ሕንፃ ወሰደ የሚለው ክርክር እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ፓርላማ ደርሷል። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የአሚን መንግሥት ያልፋል ብሎ ማን አሰበ? መንግሥት ያልፋል፣ ሕግ ይለወጣል፤ ያኔ የሚጠየቀው «ምን ነበራችሁ? ስንት ያወጣ ነበር? ማስረጃችሁ የታል?» ነው።

ሄግ

ይህኛው የእኛው ቁስል ነው፤ በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከሁለቱም ወገን ሰው ተፈናቀለ። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ግምት ከኢትዮጵያ ወደ 75 ሺህ የኤርትራ ተወላጆች እንደተባረሩ፣ ከኤርትራም ወደ 70 ሺህ ኢትዮጵያውያን እንደተባረሩ ወይም እንደወጡ ይናገራል። እዚህ ካባላጋላ አብረውን ቡና ከሚጠጡት መካከል የዚያ ዘመን ልጆች አሉ።

በአልጀርሱ ስምምነት መሠረት ሄግ ላይ የካሳ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2004 በሰጠው ውሳኔ ስለ ቤት የተናገረውን ልንገራችሁ። ተባራሪዎች ቤታቸውን እንዲሸጡ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ወር ብቻ መሆኑ፣ በአንዳንዶቹ ሽያጭ ላይም መቶ በመቶ «የቦታ ግብር» መጣሉ ሕገወጥ ነው አለ። መቶ በመቶ! ቤቱ ተሸጠ ይባላል፤ ሻጩ ግን ባዶ እጁን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ለኤርትራ ወገን ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ለኢትዮጵያ ወገን ከ174 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ። ይህ የንብረት ብቻ ሳይሆን የሁሉም ዓይነት ጉዳት ድምር ነው።

ከዚህ የምንማረው፤ በአንድ ወር ውስጥ ተገዶ የተሸጠ ቤት ዋጋ የቤቱ ዋጋ አይደለም። የገበያ ዋጋ የሚባለው ሻጭም ገዢም ሳይጣደፉ፣ ሳይገደዱ፣ ንብረቱን አውቀው የሚስማሙበት ነው። እኛ ስንወጣ ስንቶቻችን ነን ቤታችንን፣ ሱቃችንን፣ ከብታችንን በሌሊት ለጎረቤት በሩብ ዋጋ የሰጠን? «ሸጬዋለሁ» ብላችሁ ራሳችሁን አትሸንግሉ። ምን ያህል እንደሸጣችሁት ብቻ ሳይሆን በሰላም ቀን ምን ያወጣ እንደነበርም ጻፉ።

እንግዲህ ቤት እንዴት ይገመታል?

ገማቾች በዋናነት የሚሄዱባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ በአካባቢው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ስንት አወጡ ብሎ ማወዳደር። ሁለተኛው፣ ይህን ቤት ዛሬ እንደገና ለመሥራት ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ የእጅ ዋጋው ስንት ይፈጃል ብሎ ማስላት። ሦስተኛው፣ ቤቱ በኪራይ ስንት ያስገባል ከሚለው መነሳት። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእናንተ የሆነው በላዩ የሠራችሁትና ያሻሻላችሁት ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም በቅድሚያ ተመጣጣኝ ካሳ መከፈል አለበት ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ም ካሳው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ እንደሚከፈል ይደነግጋል፤ ቤቱን የመተኪያ ወጪ ይታሰባል። ደላላው «አራት ሚሊዮን ያወጣል» ሲላችሁ ግን ቦታውን፣ መንገዱን፣ ገበያውን ጨምሮ ነው። ካሳ ገማቹ የሚቆጥረው ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው። ስለዚህ ወንድማችሁ ትንሽ ካሳ ይዞ ሲመጣ «የቀረውን በልቶታል» ከማለታችሁ በፊት ግምቱ ለምን ዓላማ እንደተሠራ ጠይቁ። በዚህ ምክንያት የተጣሉ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። የእኔም አንዱ ነው።

ለውርስም እንደዚያው ነው። ወንድማማቾች አንዱ ቤቱን ይዞ ለሌሎቹ ድርሻቸውን ሊሰጥ ሲፈልግ መካከል የሚቆም ገለልተኛ ቁጥር ያስፈልጋል። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ብሎኬት ግን አይቆጥርም። ጥሩ ግምት በወንድማማቾች መካከል እንደ ሽማግሌ ነው፤ ለማንም አያደላም።

ምን እናድርግ?

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ከታሪኩና ከራሴ ቤት የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

1. ዛሬ ማታ ደብተር አውጡና የተዋችሁትን ግቢ በእጃችሁ ሳሉት። ስንት ክፍል፣ ከምን የተሠራ፣ ጣሪያው ምን፣ ወለሉ ምን፣ ማጀቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ ጉድጓዱ፣ አጥሩ፣ ዛፎቹ። የጻፋችሁበትን ቀን አስፍሩ። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከእናንተ በላይ ያውቁታል።

2. አዋሳኞቹን ጻፉ። በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን። ጎረቤት ምስክር ነው።

3. ፎቶ ፈልጉ። የቤት ፎቶ ባይኖራችሁ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት፣ የዒድ ፎቶ ይኖራችኋል። ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ።

4. የሐዋላ ደረሰኝ አትጣሉ። «ለቆርቆሮ 15 ሺህ ልኬያለሁ» ብላችሁ የጻፋችሁት መልእክትም ማስረጃ ነው፤ ስልክ ስትቀይሩ አብሮ እንዳይጠፋ አስቀምጡት።

5. የግብር ደረሰኝ፣ ካርታ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ውል ካለ ዘመድ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ግን ለማታውቁት ደላላ አትላኩ። በካርታ ፎቶ የተጭበረበረ ሰው አለ።

6. አገር ቤት ያለው ሰው ለኪዎች ሲመጡ ብቻውን አይቁም። አንድ ግንበኛና አንድ ጎረቤት ከጎኑ ይኑሩ። እየተመዘገበ ያለውን ያንብብ፣ የቀረውን ወዲያው ይናገር፣ ካልገባው «አንብቤ ልምጣ» ይበል። ግምቱ ካላሳመነው አቤት የሚባልበት የተወሰነ ጊዜ አለ፤ ካለፈ አለፈ።

7. ውክልና የሚያስፈልጋችሁ፣ ወደ ኤምባሲ መሄድ ለብዙዎቻችን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። በችኮላ የማይሆን እርምጃ አትውሰዱ። ያላችሁበትን አገር የስደተኞች የሕግ ድጋፍ ሰጪዎች አስቀድማችሁ አማክሩ።

«እኔ እኮ ምንም አልነበረኝም፣ የጭቃ ቤት ነው» የሚል አይጠፋም። የጭቃ ቤትም ቤት ነው። ጭድ የተቦካበት፣ ዕድር የተሰበሰበበት፣ እናንተ የተወለዳችሁበት። ማንም መጥቶ ዜሮ ነው ከማለቱ በፊት ምን እንደነበር የጻፈ ሰው ይኑር።

ወደ እህቴ ልመለስ። የዛሬ ስድስት ዓመት የወንድማችን ልጅ ክርስትና ላይ የተነሳ ፎቶ በድሮ ስልኬ ውስጥ አገኘሁ። ካህኑ ቆመዋል፣ ሕፃኗ በነጠላ ተጠቅልላለች፣ ከኋላ ደግሞ ሦስቱ ክፍሎች ከነብረት በራቸው ቆመዋል። እህቴም ከሪያድ የላከችባቸውን አሥራ አንድ ደረሰኞች ከሻንጣዋ አወጣች። ክፍሎቹን የሠራው ግንበኛ እማኝ እሆናለሁ ብሏል። ወንድሜ የአቤቱታው ቀን ሳያልፍ ሁሉንም አያይዞ አስገብቷል። መልሱ ገና አልመጣም፤ ምን እንደሚሉም አላውቅም።

ፎቶውን ለሁለቱም የላክሁላቸው በአንድ ቀን ነው። ማታ ላይ እህቴ ደወለችና «ልጅቷ እንዴት አድጋለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አባቷን ጠይቂው» አልኳት። ደወለችለት።

የእናንተን ደግሞ በአስተያየት ሳይሆን በደብተራችሁ ጻፉት። ዝርዝሩን እዚህ አደባባይ ላይ አታውጡ። ጥያቄ ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ለወላጆቻችሁና አገር ቤት ላሉት አንብቡላቸው።

ቸር ወሬ ያሰማን።